ጥርሱ የጎደለው ቶርኖ ይገዛ!



በጉደር ከተማ፣ በአንድ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ፣ ሠራተኛው በተለምዶ «ቶርኖ» የሚለው አሮጌ የብረት መቁረጫ ማሽን አቧራ ለብሶ ቆሟል። ባለቤቱ በሕይወት የሉም። ወራሾቻቸው ቤቱን ለማከራየት ስለሚፈልጉ ማሽኑ በቶሎ እንዲነሣ ይሻሉ። የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ መጥቶ በኪሎ ተምኖት ሄዷል። ከመካከላችን የአምቦና የጉደር፣ የጌዶና የጊንጪ፣ የወንጪም ልጆች የሆንነው በክረምቱ ዕረፍት ተሰባስበን ማሽኑን አየነው፤ ለካነው፤ ወራሾቹም እስከዚህ ወር መጨረሻ ይታገሡን ዘንድ ለምነን እሺ አሰኘናቸው። ቀኑ ካለፈ ግን ማሽኑ በመዶሻ ተሰባብሮ በጭነት መኪና ይሄዳል፤ ከማቅለጫ ይገባል፤ የፎቅ ቤት ፌሮ ሆኖ ይወጣል።

ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ አቅርበን ነበር። ይኸውም ማኅበሩ ለምረቃ በዓል ካጠራቀመው ገንዘብ ከፊሉን አውጥቶ ይህን ቶርኖ ይግዛ፤ ቶርኖው በአምቦ ከተማ ይተከል፤ እኛም የጎደለውን እየሠራን እንማርበት የሚል ነው። መልሱ ሳቅ ሆነ። አንዱ «ሙዚየም ልትከፍቱ ነው?» አለ። ሌላው «ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ ለማን ይዳራል?» ብሎ አዳራሹን አሳቀ። ሦስተኛው ረጋ ብሎ፣ ዕቃው የጎደለ ማሽን መግዛት የማኅበሩን ገንዘብ ከጉድጓድ መጣል ነው አለ። ውሳኔውም ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። ሳቁ አልፏል፤ ክርክሩ ግን አላለቀም። ስለዚህ በስብሰባው በአምስት ደቂቃ ልንጨርሰው ያልቻልነውን እነሆ በጽሑፍ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ የምንከራከርበት ነገር ምን እንደ ሆነ እንወቅ። ቶርኖ ብረትን እያሽከረከረ የሚቆርጥ መሣሪያ ነው። ብረቱን መንጋጋ ነክሶ ያዞረዋል፤ ጠንካራው ቢላዋ ቀስ ብሎ እየተጠጋ ይልጠዋል። ከዚህ ቀላል ከሚመስል ሥራ የወፍጮ ዘንግ ይወጣል፤ የፓምፕ አካል ይወጣል፤ የኩሽኔታ ማቀፊያ፣ ቡሎንና ዳዶ ይወጣል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞድስሌይ እ.ኤ.አ. በ1800 ገደማ፣ ቢላዋውን በረጅም ባለ ጥርስ ዘንግና በተለዋዋጭ ማርሾች የሚነዳ የብረት ቶርኖ ሠርቶ አስመሰከረ። ቀድሞ በእጅ ሲሞረድ የኖረው የቡሎን ጥርስ ከዚያ ወዲህ እየተደጋገመ በእኩል ልክ ይቆረጥ ጀመር። በዓለም ላይ ቶርኖን «የማሽኖች እናት» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ልብ እንዲባል እንፈልጋለን። ወፍጮ የራሱን ድንጋይ አይጠርብም። የልብስ ስፌት መኪና የራሷን መርፌ አትሠራም። ቶርኖ ግን ከጎደሉት አካላቱ ብዙዎቹን ራሱ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ «ዕቃው የጎደለ ወፍጮ» እና «ዕቃው የጎደለ ቶርኖ» ማለት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ዶክተር የሚጠብቅ በሽተኛ ነው፤ ሁለተኛው ራሱ የታመመ ዶክተር ነው።

አሁን ወደ ጉደሩ ማሽን እንምጣ። የሠሪው ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ተፍቆ አይነበብም። ክብደቱን ወደ አንድ ቶን ተኩል ገምተነዋል። የጎደለውን ሳንደብቅ እንዘረዝራለን። ሞተሩ የለም። መንጋጋው ብረት ከሚነክስባቸው ሦስት ጥርሶች አንዱ ጠፍቷል። ከተለዋዋጮቹ ማርሾች መካከል ባለ 60 ጥርሱ የለም። የኋላውን ድጋፍ የሚያስኬደው እጀታ ተሰብሯል። ረጅሙን ባለ ጥርስ ዘንግ የሚጨብጠው የነሐስ ዳዶ በጣም ተበልቷል። የማርሾቹ መከለያም ጠፍቷል። ተቃዋሚዎቻችን ከዚህ የበለጠ ጉድለት ሊቆጥሩ አይችሉም፤ እኛ ቆጥረንላቸዋል።

ያለውስ? ቢላዋውን የሚሸከመው አካል የሚንሸራተትበት ረጅሙ የብረት መደብ አልተሰነጠቀም። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋድመን በስስ የብረት ቅጠሎች ስንለካው፣ ብዙ ሥራ በሚሠራበት በመንጋጋው በኩል የተበላው አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ያህል ነው። ዋናው ዘንግ በእጅ ሲዞር ይዞራል፤ በረጅም ብረት ወደ ላይ ስናነሣውም የሚታይ ልቅነት አላገኘንበትም። የማርሹን ሳጥን ከፍተን በዘይቱ ውስጥ የተሰበረ ጥርስ ፈለግን፤ አልነበረም።

አሮጌ ማሽን ሁሉ ይገዛ አላልንም! መደቡ ቢሰነጠቅ፣ ዋናው ዘንግ ቢጣመም፣ ዘንጉን የሚይዘው ቤት ቢሰበር ኖሮ እኛው ራሳችን ለቁራሌ ስጡት ባልን ነበር። እነዚህ ሦስቱ የቶርኖ አጥንት ናቸው። አጥንት የተሰበረበትን አሮጌ ቶርኖ በተማሪ እጅ ማዳን አይቻልም። የጉደሩ ግን አጥንቱ ደኅና ነው፤ የጎደለው ጥርሱ ነው።

«የጠፋውን ማርሽ ከየት ታመጣላችሁ? ፋብሪካው እንኳ አይታወቅም!» ተብሏል። ይህን ያለው ወንድማችን የምሕንድስና ተማሪ መሆኑ ያሳዝነናል። ምክንያቱም የማርሽ ትምህርት በክፍል ውስጥ ተምሮ፣ ፈተናውንም አልፎ፣ ዕውቀቱ ከወረቀት ወጥቶ ጉደር ድረስ ሊሄድለት አልቻለም። እስቲ አብረን እናስላው።

በማሽኑ ላይ ባለ 20 ጥርስ ማርሽ አለ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ 44 ሚሊሜትር ሆነ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ በጥርሱ ቁጥር ላይ ሁለት ይደመራል፤ 22 ይሆናል፤ 44 ለ22 ሲካፈል 2 ይመጣል። እንግዲህ የዚህ ማሽን ማርሽ መጠን 2 ነው። ከእርሱ ጋር የሚናከሰው ባለ 60 ጥርስ ማርሽም ያው 2 መሆን አለበት። ስለዚህ ስፋቱ 62 ጊዜ 2፣ ማለትም 124 ሚሊሜትር ይሆናል። የሁለቱ ማርሾች መካከል ለመካከል ርቀት ደግሞ 80 ሚሊሜትር ነው። ፋብሪካው ቢታወቅ ምን ይጨምርልን ነበር? የጠፋው ማርሽ መልኩን ለጎረቤቱ ትቶ ሄዷል፤ ማንበብ ላወቀ ሰው።

አሠራሩም ምሥጢር አይደለም። ክቡ ብረት በዚያው በቶርኖው ላይ ተልጦ 124 ሚሊሜትር እንዲሆን ይደረጋል። ጥርሱን ለመቁረጥ አዲስ አበባ ወደሚገኝ የፍሬዛ ቤት ይወሰዳል። ፍሬዛው ላይ ያለው ማካፈያ እጀታው 40 ጊዜ ሲዞር ሥራው አንድ ጊዜ የሚዞር ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ጥርስ እጀታው ከአንድ ዙር ሁለት ሦስተኛውን መዞር ይኖርበታል፤ 40 ለ60 ሲካፈል ይኸው ነውና። ይህን ያህል ነው። ማርሹ ገብቶ ረጅሙ ዘንግ 6 ሚሊሜትር ርቀት ያለው ጥርስ ስላለው፣ ባለ 20 ባለ 60ውን ሲያዞር ርቀቱ አንድ ሦስተኛ ይሆናል፤ ማለትም 2 ሚሊሜትር። ይህም የተለመደው የ16 ሚሊሜትር ቡሎን ጥርስ ነው። በአምቦ መንገድ ላይ ስንት ጋራዥና ስንት ወፍጮ ቤት ይህን ቡሎን ይፈልጋል?

ለቀረውም ሥርዓት አለው። በቅድሚያ ሞተር ይገኛል፤ ሞተር ከየትኛውም ፋብሪካ ቢመጣ ኃይሉና ፍጥነቱ ከተስማማ በቺንጋ ይያያዛል። ሁለተኛ፣ ማሽኑ ከመዞሩ በፊት የማርሾቹ መከለያ ከላሜራ ይሠራል። በዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ ቶርኖ እጅጌና ጸጉር ይዞ የሚጎትት፣ ይቅርታም የማያውቅ መሣሪያ ነው። ሦስተኛ፣ መንጋጋው እስኪሟላ ድረስ ሥራው በሁለት ሹል ጫፎች መካከል ተይዞ ይዞራል፤ ይህ ዘዴ ከመንጋጋም የቀደመ ነው። አራተኛ፣ የተሰበረው እጀታ ይሠራል። የተበላው የነሐስ ዳዶም ቢሆን ተበላ እንጂ አልሞተም፤ እየተንገዳገደም ቢሆን ተተኪውን ለመቁረጥ ይበቃል። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ በአንድ ዘንግ ላይ በሁለት ጫፍ ሁለት ቀለበት ይላጣል፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ ማሽኑ ቀጥ ብሏል፤ ካልሆኑ እግሩ ሥር እየተደገፈ ይስተካከላል።

ይህ ሁሉ ሕልም ነው የሚል ካለ፣ ዴቪድ ጂንጀሪ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ያሳተማቸውን መጻሕፍት ይመልከት። ይህ ሰው ከከሰል እሳትና ከወዳደቀ አሉሚኒየም ተነሥቶ ቶርኖ እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ አስተምሯል። ያውም ከምንም! እኛ ግን አጥንቱ የተሟላ አንድ ቶን ተኩል ብረት ከፊታችን ቆሞ አንድ ማርሽ ጎደለ ብለን እንሥቃለን። ራቅ ብሎ መሄድም አያስፈልግም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ውረዱ፤ ማንም የጣለው በርሜልና ቆርቆሮ ወደ ምድጃና ወደ መጥበሻ የሚለወጥበትን እጅ እዩ። የዚያ እጅ ባለቤት የእኛን ቀመር አልተማረም። እኛ ደግሞ የእርሱ እጅ የለንም። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ የት ነው? እኛ እንደዚህ ያለ ቶርኖ ዙሪያ ነው እንላለን።

ሁለተኛው መከራከሪያ «አሮጌ ከመግዛት መንግሥት ወይም ለጋሽ አዲስ እስኪያመጣ መጠበቅ ይሻላል» የሚል ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ አንድ ዶላር በብር የሚያወጣው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ትላንት ውድ የነበረው አዲስ ማሽን ዛሬ ይበልጥ ርቆናል። ደግሞስ አዲሱ ቢመጣ ምን እናደርገዋለን? አዲስ ማሽን ሲመጣ መጀመሪያ የሚገዛለት ቁልፍ ነው። «ቢበላሽ ማን ይጠየቃል?» ተብሎ ይቆለፍበታል። ተማሪው በመስኮት ያየዋል፤ በፈተና ወረቀት ላይ ይሥለዋል፤ ሳይነካውም ይመረቃል። አሮጌው ግን የሚያስፈራ ዋጋ የለውም። ተፈትቶ ይታያል፤ ተመልሶ ይገጠማል፤ እጅ ይለምድበታል።

የኢኮኖሚ ተማሪዎችም ወገን ይሁኑን። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ከሞታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ከዐዋቂ ሕዝብ ጋር ሲነግድ ብዙ ድካሙን በጥቂት ድካም እየለወጠ እንደሚደኸይ አስረድተዋል። መጽሐፉ ከታተመ መቶ ዓመት አለፈው። ዛሬም የጊንጪ ገበሬ ጤፉን ሸጦ ለወፍጮው ከባሕር ማዶ የመጣ ዘንግ ይገዛል። የዚያ ዘንግ ብረት ምን ያህል ነው? ጥቂት ኪሎ። የተቀረው ዋጋ የቶርኖ ሠራተኛ ድካምና ዕውቀት ነው። ያንን ዕውቀት ከጉደር ጋራዥ ማግኘት ስንችል ለቁራሌ በኪሎ እንሸጠዋለን። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚሉት ይህን ነው።

ሦስተኛው መከራከሪያ በስብሰባው ላይ በአፍ አልተነገረም። በሳቁ ውስጥ ግን ነበረ። ይኸውም «ይህ የእኛ የተማሪዎች ሥራ አይደለም» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ግልጡን እንነጋገር። አገራችን ብረት የሚሠራውን ሰው «ጠይብ»፣ «ቡዳ»፣ «ቀጥቃጭ» እያለች ከማዕዷ ስታርቅ ኖራለች። በእኛው በምዕራብ ሸዋም ቱምቱ የተባለው ባለ እጅ ጋብቻ ሲከለከል፣ ቤቱ ከመንደር ዳር ሲሠራ አያቶቻችን አይተዋል። የሚገርመው ነገር፣ እርሱን የናቀው ሁሉ እርሱ በቀጠቀጠው ማረሻ አርሶ መብላቱ ነው! ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው ነበር። ዐዋጁ ከወጣ ይህን ያህል ዘመን አልፎ፣ ስድቡ ልብሱን ለውጦ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ዛሬ ማንም «ቡዳ» አይልም፤ «የዲግሪ ሥራ አይደለም» ይላል። ቃሉ ተለወጠ እንጂ ንቀቱ ያው ነው።

መሐንዲስ ነን የምንል ከሆነ በጥፍራችን ውስጥ ግራሶ መታየቱ ሊያሳፍረን አይገባም። የሚያሳፍረው የማርሽ ቀመር በቃል እየወጡ ማርሽ ሲያዩ አለማወቅ ነው።

አንዳንዶች ደግሞ ታሪክ ይጠቅሱብናል። «ማሽን መሥራት በዚህች አገር ተሞክሮ ከሸፈ» ይላሉ። እኛም ታሪኩን እንውሰድና ምን እንደሚያስተምር እንመልከት። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በጋፋት የአውሮፓ ሠራተኞችን አስገድደው መድፍ አሠሩ፤ ሴባስቶፖል የተባለውም ወጣ። መቅደላ በ1868 እ.ኤ.አ. ሲወድቅ ሠራተኞቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሄዱ። መድፉ ተራራው ላይ ቀረ፤ ሙያው ግን ከጋፋት ተነሥቶ ትውልድ ሊሻገር አልቻለም። በ1933 እና በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያን ከተባረረ በኋላ፣ የእንግሊዝ የጦር አስተዳደር ጣሊያኖች የተከሉአቸውን በርካታ ፋብሪካዎችና መሣሪያዎች እየነቀለ ከአገር አስወጣ። ማሽን ይነቀላል፤ ይጫናል፤ ይሄዳል። ማሽን የሚሠራ እጅና ጭንቅላት በአገሩ ሞልቶ ቢሆን ኖሮ የተነቀለው በጥቂት ዓመት ይተካ ነበር። ከሁለቱም የምንማረው፣ ዕቃ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ ነው።

«ሜቴክስ?» የሚሉም አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን በ2002 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ2011 ዓ.ም. ኃላፊዎቹ ሲከሰሱ ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ የአሮጌ መርከቦች ግዢ ነበር። እንግዲህ አሮጌ መግዛት ጥፋት ነው ማለት ነውን? አይደለም! ከዚያ ጉዳይ የምንወስደው ትምህርት የሕዝብ ገንዘብ ሲወጣ ዕቃው በፊት መመርመር፣ ዋጋውም በአደባባይ መነገር እንዳለበት ነው። እኛም የጉደሩን ቶርኖ ጉድለት አንድ በአንድ በዚህ ገጽ ላይ የጻፍነው ስለዚህ ነው። ማንም አባል ማስመሪያውን ይዞ ሄዶ ሊለካ ይችላል። ሒሳቡም በየወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ለምን አምቦ?» ቢባል መልሳችን አጭር ነው። አምቦ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ውሃዋ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ ሲታሸግ የኖረ፣ የእርሻ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1947 የተከፈተባት፣ ዛሬም ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ሐሮ ወንጪ አለ። የዓለም የቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መርጧታል፤ በ«ገበታ ለአገር» ፕሮጀክትም መንገድና ማረፊያ ተሠርቶላታል። ደስ ይለናል። ነገር ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ጀኔሬተር ይመጣል፤ የውሃ ፓምፕ ይመጣል፤ መኪና ይበዛል። እነዚህ ሁሉ ይሰበራሉ። በተሰበሩ ቁጥር ዘንጉ በጆንያ ተጠቅልሎ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ፣ እንግዳው የሚተወው ገንዘብ በዚያው ጆንያ ተመልሶ ይሄዳል። የሐይቁ ልጅ ለእንግዳ ፈረስ ከመጎተት ሌላ ሙያ የማይኖረው ለምንድን ነው? ፈረስ መሳብ ነውር አይደለም፤ ሌላ ምርጫ ማጣት ግን ጉዳት ነው። በጉደርና በአምቦ ዙሪያ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማው ገበሬም፣ ፓምፑ በቆመበት ሳምንት ማሳው እንደሚደርቅ ልንነግረው አያስፈልግም፤ ራሱ ይነግረናል።

ክቡራን መምህራን ሆይ! ለእናንተም አንድ ልመና አለን። በየዓመቱ የመመረቂያ ሥራ ተብሎ ስንት ወረቀት ይጠረዛል? ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ ከመደርደሪያ ወጥቶ አንድ ነገር አዞረ? የዚህ ቶርኖ ጥገና ለአምስት ወይም ለስድስት ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ሆኖ ይመዝገብልን። አንዱ ማርሾቹን ያስላ፤ አንዱ ሞተሩንና የኤሌክትሪክ መስመሩን ይያዝ፤ አንዷ የመደቡን መበላት ትለካና እንዴት እንደሚቃና ትጻፍ፤ አንዱ የዳዶውን ነሐስ ያስቀልጥ። በመጨረሻ የሚመረመረው ወረቀቱ ብቻ አይሁን፤ ማሽኑ ይዙር፤ የቆረጠውም ቡሎን ከዳዶው ይግጠም። ቡሎን አይዋሽም። ከገጠመ ገጠመ፤ ካልገጠመ አልገጠመም። እንዲህ ያለ ፈታኝ ከእናንተ ጎን ቢቆም ምን ይከፋችኋል? አንድ ጡረታ የወጡ የቶርኖ ሠራተኛ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ ሊያሳዩን ፈቅደዋል። ከእርሳቸው ፊት ተማሪ ሆነን እንቆማለን፤ እናንተም ብትመጡ ክብራችሁ አይቀንስም፤ ይጨምራል እንጂ።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። የምረቃ በዓል አይደረግ አላልንም። ወላጆቻችን ከሩቅ መጥተው ሊደሰቱብን ይገባል። ነገር ግን የአንድ ቀን ድንኳን፣ የአንድ ቀን ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ጊዜ ተለብሶ የሚጣል ባለ ሥዕል ካናቴራ ከዚህ ቶርኖ ዋጋ በላይ ሲያስወጣን፣ አባክነናል የሚል አልተነሣም። ጉድጓድ የተባለው ቶርኖው ብቻ ሆነ! ወራሾቹ የሚጠይቁት የቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ነው። መግዣው፣ ማጓጓዣውና ሞተሩ አንድ ላይ ተደምረው ማኅበሩ ለበዓሉ ከያዘው ገንዘብ ግማሹን አይነኩም። በግማሹ እንጨፍር፤ በግማሹ እንማር።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ የሚከተለው ውሳኔ እንዲያልፍ እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ማኅበሩ የጉደሩን ቶርኖ ወራሾቹ በጠየቁት ዋጋ፣ በጽሑፍ ውል ይግዛ።

ሁለተኛ፣ ከመክፈሉ በፊት ሁለት መምህራንና ሦስት ተማሪዎች ሄደው መደቡን፣ ዋናውን ዘንግና የማርሹን ሳጥን እንደገና ይመርምሩ። ከሦስቱ በአንዱ እንኳ ስንጥቅ ወይም ስብራት ቢገኝ ግዢው ይቅር፤ እኛም አንከራከርም።

ሦስተኛ፣ ማሽኑ በአምቦ ከተማ ቦታ ሊያውሰን በፈቀደው ጋራዥ ይተከል፤ ከተጠገነ በኋላ ለወፍጮ ቤቶችና ለገበሬዎች በሚሠራው ሥራ የሚገኘው ገቢ ለመቁረጫ ቢላዋ፣ ለዘይትና ለኩሽኔታ ይዋል።

አራተኛ፣ መከለያው ሳይሠራ ማንም ማሽኑን እንዳያዞር ይከልከል።

አምስተኛ፣ ሥራው ለተማሪ ሁሉ ክፍት ይሁን። የኪነ ጥበብ ተማሪ ቢመጣ አይመለስ፤ እኅቶቻችንም ሻይ አፍሉ ተብለው ሳይሆን ቢላዋውን ያዙ ተብለው ይጠሩ።

የወሩ መጨረሻ ቅርብ ነው፤ የቁራሌው መኪና ቀጠሮ አያፈርስም። ከስብሰባው በፊት ማየት የሚፈልግ ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ከእኛ ጋር ወደ ጉደር ይሳፈር። የሳቀውም ይምጣ፤ ማስመሪያውን የሚይዝልን ሰው እንፈልጋለን።